ከታንከሩ ጀምር

ሞተር ሳይክል የሚነዳ ሐኪም ሲያዩ ባልደረቦቼ ይስቃሉ። በድንገተኛ ክፍል ተረኛ ሆኖ ሌሊቱን ያነጋ ሰው በሁለት ጎማ ላይ የሚቀመጥበት ምክንያት ሊኖረው አይገባም ባዮች ናቸው፤ አልፈርድባቸውም። ነገር ግን የእኔዋ ሞተር ሳይክል ከምትነዳበት ቀን የምትታከምበት ቀን የሚበዛ አሮጊት ናት። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሳሁትም ስለ ግልቢያ ለማውራት አይደለም። በ2018 የቤንዚን መንገዷን ደጋግሜ ስፈታና ስገጥም ከርሜ በመጨረሻ ያገኘሁት ትምህርት፣ ከሞተር አልፎ የሰው ሕይወት የሚነካ ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

ሞተር ሳይክሏ ኤም ዜድ ቤ ካ 350 ትባላለች። «ቤ» ቦክሰር፣ «ካ» ካርዳን ማለት ነው። ሁለቱ ሲሊንደሮቿ እንደ ቦክሰኛ ክንድ ግራና ቀኝ ተዘርግተው ተኝተዋል፤ የኋላ ጎማዋም የሚዞረው በሰንሰለት ሳይሆን በካርዳን ዘንግ ነው። የተሠራችው በሳክሶኒ ግዛት፣ ቾፓው በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ዮርገን ራስሙሰን የተባለ ዴንማርካዊ በዚያች ከተማ ያቋቋመው ዴ ካ ቬ የተሰኘ ፋብሪካ በ1920ዎቹ መጨረሻ በዓለም ትልቁ የሞተር ሳይክል አምራች ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የፋብሪካው መሣሪያ ተነቅሎ በጦር ካሣ መልክ ወደ ሶቭየት ኅብረት ተጋዘ፤ በቦታው የቀሩት ሠራተኞች በቀራቸው ነገር እንደገና ጀመሩ። ቤ ካ የተወለደችው ከዚያ ነው። ምርቷ በ1959 ስላበቃ ዛሬ በመንገድ ላይ የሚያያት ሰው ቆም ብሎ ይመለከታታል፤ መለዋወጫዋን የሚፈልግ ሰው ደግሞ ከሽማግሌዎች ጋር መተዋወቅ ግድ ይሆንበታል።

ወደ ምሥራቅ ጀርመን የመጣሁት በ1987 ነው። ላይፕሲግ በሚገኘው የሄርደር ተቋም ቋንቋ ተምሬ፣ የሕክምና ትምህርት ጀምሬ ሳልጨርስ፣ የተቀበለኝ መንግሥት በኦክቶበር 1990፣ የላከኝ መንግሥት ደግሞ በሜይ 1991 ጠፉ። ስለዚህ የተመረቅኩት ላኪም ተቀባይም በሌለበት ነው። በእነዚያ ዓመታት አንዲት ክፍል ያከራዩኝ የነበሩት ጡረተኛ የብረት ሠራተኛ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤ ካቸውን ሲፈቱ እኔ የእጅ ባትሪ እይዝላቸው ነበር። በ2012 ሲሞቱ ባለቤታቸው ቁልፉን በእጄ አስጨበጡኝ። «መብራቱን ይይዙለት የነበሩት እርስዎ ነዎት» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልተናገሩም።

የቤንዚኗ መንገድ ለማስረዳት ቀላል ነው። ፓምፕ የላትም፤ ቤንዚኑ ከላይ ካለው ታንከር በገዛ ክብደቱ ይወርዳል። የታንከሩ ክዳን ላይ ትንሽ መተንፈሻ አለች፤ አየር በዚያ ካልገባ ቤንዚኑ አይወርድም። ከታንከሩ ሥር ሩቢኔት፣ ከሩቢኔቱ ጋር ቆሻሻ የሚያስቀር ወንፊት አለ። ከዚያ በቀጭን ቱቦ ወደ ሁለቱ ካርቡራተሮች፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ወደ ተመደበው ይሄዳል። በካርቡራተሩ ጎድጓዳ ውስጥ ተንሳፋፊ አለ፤ ቤንዚኑ ሲሞላ ከፍ ብሎ መግቢያውን በመርፌ ይዘጋል፣ ሲጎድል ዝቅ ብሎ ይከፍታል። ቤንዚኑም ከጎድጓዳው በጣም ጠባብ በሆነች የናስ ቀዳዳ ተመጥኖ ወጥቶ ከአየር ጋር ተደባልቆ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል።

በዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር አለበት። ይህች ሞተር ለብቻው የሚቀመጥ የሞተር ዘይት የላትም። ዘይቱ የሚገባው ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ነው፤ ለ25 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት። ስለሆነም ቤንዚን የጎደለባት ዕለት ዘይትም ይጎድልባታል። ሌላ ሞተር ቤንዚን ሲያጣ ይጠፋል፤ እሷ ግን ከመጥፋቷ በፊት ፒስተኗ ግሎ ከሲሊንደሩ ጋር ሊጣበቅ ይችላል። የቤንዚን ማነስ በእሷ ዘንድ ረኀብ ብቻ ሳይሆን አደጋም ነው።

በ2018 የጸደይ ወራት መድከም ጀመረች። ስትነሳ ደህና ናት፤ ሩብ ሰዓት ያህል ከሄደች በኋላ ኃይሏ ይከዳታል፣ ዳገት ላይ ትተነፍሳለች፣ በመጨረሻ ትቆማለች። እኔም ብዙ ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ካርቡራተሮቹን ፈታሁ። ጎድጓዳዎቹ ሥር ቀይ ደለል አገኘሁ። አጠብኩ፤ የናሷን ቀዳዳ በቀጭን የመዳብ ሽቦ ጠረግሁ፤ ጓርኒሲዮኑን ቀየርኩ፤ ገጠምኩ። 40 ኪሎ ሜትር በደስታ ሄደችልኝና ዳግመኛ ደከመች። እንደገና ፈታሁ፣ እንደገና አጠብኩ። በሦስተኛው ጊዜ አዲስ ካንዴላ ጨመርኩላት። ከእያንዳንዱ እጥበት በኋላ ጥቂት ቀን ስለምትሻላት፣ መድኃኒቱ ትክክል ነው፣ መጠኑ ብቻ ነው ያነሰው ብዬ አመንኩ።

አሁን ስለ ወንድሜ መናገር አለብኝ። ወንድም ጋሼ የምለው ታላቅ ወንድሜ በ11 ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ሲሞት እሱ ትምህርቱን አቋርጦ አዲስ አበባ ውስጥ ባለ ጋራዥ በረዳትነት ገባ። የእኔን ደብተርና ጫማ የገዛው የቮልስና የሴይቼንቶ ግራሶ ነው። እኔ በጀርመንኛ ሰው ማከም ስማር፣ እሱ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ፊልትሮ፣ ካንዴላ እያለ ጣሊያን ጥሎልን በሄደው ቋንቋ መኪና ያክም ነበር። እሑድ እሑድ በስልክ እንገናኛለን። ስለ ጤናው እጠይቀዋለሁ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይለኛል፤ ስለ ሥራዬ ይጠይቀኛል፣ «ደህና ነው» እለዋለሁ። ስለ ቤ ካ ነግሬው አላውቅም ነበር፤ ለምን እንደሆነ እንጃ። በጁላይ መጀመሪያ ግን ተስፋ ቆርጬ ነገርኩት። ድምፁ ወዲያው ተለወጠ።

«እስኪ አሟሟቷን ንገረኝ። ድንገት ነው የምትጠፋው ወይስ እየደከመች?»

«እየደከመች።»

«ቆማ ካረፈችስ?»

«አሥር ደቂቃ ካረፈች ትነሳለች።»

«ስትደክም የታንከሩን ክዳን ከፍተህ አይተሃል? መተንፈሻው ተደፍኖ እንደሆነ ክዳኑ ሲከፈት ነፍስ ትዘራለች።»

«አልሞከርኩም።»

«ሞክርና ደውል። ደግሞ ስማኝ፣ ቀዳዳዋን በምን ጠረግሃት?»

«በመዳብ ሽቦ።»

«አንተ ልጅ! በንፋስ ነው እንጂ! ልኳን አበላሽተህ ታሰፋታለህ።»

በማግስቱ ሞከርኩ፤ ክዳኑን መክፈቴ ለውጥ አላመጣም። በሚቀጥለው እሑድ ያንን ስነግረው ጥቂት ዝም ብሎ ጠየቀኝ።

«የሚደክመው አንዱ ጎን ነው ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

«ሁለት ካርቡራተር በአንድ ቀን እኩል ይታመማል እንዴ? ሁለቱ የሚጋሩት ምንድነው?»

«ታንከሩን።»

«ታዲያ ካርቡራተሩን ምን አድርግ ብለህ ነው ሦስት ጊዜ የፈታኸው? እሱኮ የሚጠጣው ከላይ የሚወርድለትን ነው። ከታንከሩ ጀምር። ቱቦውን ነቅለህ ቤንዚኑን ወደ ጠርሙስ አውርደው፤ ሰዓት ያዝ። በመጀመሪያው ደቂቃ ምን ያህል ወረደ፣ በአምስተኛው ምን ያህል፣ ለካው። ሐኪም አይደለህም እንዴ?»

ሞተር ሳይክሏን ወደ ደጅ አወጣኋት። የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ በወለል ላይ ተንፏቆ ከሩቅ እሳት ጋር ሊገናኝ ይችላል፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ ሥራ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይሠራም። ቱቦውን ነቅዬ ጠርሙስ ደገንኩ። በመጀመሪያው ደቂቃ እንደ ጤነኛ ወረደ። በሦስተኛው ቀጠነ። በአምስተኛው ጠብታ ሆነ። ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ ባነሳው ከሥሩ ቀይ ዱቄት ተኝቷል፤ ከዱቄቱ ጋር ከቤንዚን የሚከብደው ውኃ እንደ ብርሌ ዶቃ ይንከባለላል። ሩቢኔቱን ስፈታ ወንፊቱ በቀይ ጭቃ ተለስኗል። በታንከሩ አፍ ባትሪ ሳበራ የውስጥ ግድግዳው እንደ አሮጌ ጣሪያ ቆርቆሮ ዝጓል። ለዓመታት ክረምቱን በግማሽ ታንከር ሳሳድራት፣ ከላይ ባዶ በቀረው ቦታ ያለው አየር በቅዝቃዜ ጤዛ እየሆነ ግድግዳውን ሲበላው ኖሯል። ሞተሩ ሲሠራ ደለሉ ወደ ወንፊቱ ይሳባል፤ ስታርፍ ከወንፊቱ ላይ ረግፎ ይወርዳል። ሕመሟ በዕረፍት የሚሻላት በዚህ ምክንያት ነበር። ካርቡራተሮቹ አልታመሙም፤ በታማኝነት የተሰጣቸውን ይውጡ ነበር።

ማታ እጄን ስታጠብ ቀዩ ከጥፍሬ ሥር አልወጣ አለ። ዝገት ምንድነው? ብረት ነው። ይህን በልቤ ስል ቆሜ ቀረሁ።

ወንድሜ ከስምንት ወር በፊት፣ በኖቬምበር 2017፣ ድካም እንደሚሰማውና ሐኪም ዘንድ ሄዶ ደምህ አንሷል እንደተባለ ነግሮኝ ነበር። ያዩት ወጣት ሐኪም ሌላ ምርመራ እንዲያደርግ ጽፈውለታል። እኔ ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አይቼ፣ ሄሞግሎቢኑ 9.4 መሆኑን አንብቤ፣ ወንድሜ አጽዋማቱን ሁሉ የሚጾም ሰው መሆኑን አስቤ፣ «የጾም ነው፤ ገንዘብህን አታባክን፤ የብረት ኪኒን እልክልሃለሁ» አልኩት። በመንገደኛ እጅ ላክሁ። ትንሽ ተሻለው። በፌብሩዋሪ እንደገና ደከመው፤ እንደገና ላክሁ። በሜይ ሦስተኛውን ላክሁ፤ በዚህኛው ላይ ቫይታሚን ጨመርኩበት።

ሦስት ጊዜ። ካርቡራተሩንም ሦስት ጊዜ።

የሕክምና ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚማረው ነገር ነው፤ በጉልምስና ዕድሜ ያለ ወንድ የሰውነቱ ብረት ካነሰ፣ ሌላ ምክንያት እስኪረጋገጥ ድረስ ደም ከአንድ ቦታ እየፈሰሰ ነው ተብሎ መታሰብ አለበት። ጥያቄው ብረቱን እንዴት እንተካ ሳይሆን ብረቱ ወዴት ሄደ ነው። ይህን እኔ ራሴ ለወጣት ሐኪሞች አስተምሬዋለሁ። በሥራ ቦታዬ የማላውቀው ሰው በዚያ ወረቀት ቢመጣ በዚያው ሳምንት መመርመሪያ ክፍል ባስገባሁት ነበር። ወንድሜን ግን ሳልጠይቀው ኪኒን ላክሁለት።

እሑድን አልጠበቅሁም። በዚያው ሌሊት ደወልኩ፤ እንደ ሐኪም ጠየቅሁት፤ እሱ ስለ ሞተር ሳይክሏ በጠየቀኝ ዓይነት።

«ክብደት ቀንሰሃል?»

«ቀበቶዬ ላይ ሁለት አዲስ ቀዳዳ በወስፌ በስቻለሁ።»

«ሆድህስ?»

«ያው ይነፋኛል። አንዳንዴ ይቆርጠኛል።»

«ሰገራህ መልኩ ተለውጧል?»

«ይጠቁራል። አንተ የላክኸው ኪኒን ያጠቁራል ብለው ነገሩኝ።»

ብረት ሰገራ ያጠቁራል፤ እውነት ነው። እንግዲህ መድኃኒቴ አለማዳኑ ሳያንስ ምልክቱንም ሸፍኖት ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

«ይህን ሁሉ እስካሁን ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቅከኝማ» አለኝ፤ ያለ ምንም ወቀሳ።

ትልቁ አንጀቱ በመሣሪያ ሲታይ፣ በቀኝ በኩል፣ ትርፍ አንጀት ከሚበቅልበት ቦታ ከፍ ብሎ ዕጢ ተገኘ። በዚያ ጎን አንጀቱ ሰፊ፣ የሚያልፍበትም ገና ፈሳሽ ስለሆነ ዕጢው ቶሎ አይዘጋውም፤ በዝምታ ይደማል። በሽተኛው ድካም እንጂ ሕመም አያውቅም። ኦገስት ላይ አዲስ አበባ ገባሁ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት በነበረው ምሽት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ የሠራሁትን ስሕተት ሳልቀንስ ነገርኩት። ወጣቱ ሐኪም ልክ እንደነበሩ፣ እኔ እንዳስተውኩት፣ ስምንት ወር እንዳለፈ። ጣሪያውን እያየ አዳመጠኝና ሳቀ። «ምን ታደርግ» አለኝ፤ «አንተም ካርቡራተሩን ስታጥብ ነበር።»

ዕጢው ተቆርጦ ወጣ። ጉበቱ ንጹሕ ነበር፤ ከአንጀቱ አጠገብ ካሉት የሊምፍ ዕጢዎች ሁለቱ ግን ተነክተው ተገኙ፤ ስለዚህ የመድኃኒት ሕክምናው ስድስት ወር ወሰደ። እነዚያ ሁለቱ በኖቬምበር ንጹሕ ነበሩ ወይስ ያኔም ተነክተው ነበር? ይህን ጥያቄ የሚመልስ ምርመራ የለም። ከእኔ ጋር ይኖራል።

ወደ ጀርመን ስመለስ ታንከሩ እንደተፈታ ጠበቀኝ። የወንድሜን ትእዛዝ በስልክ እየተቀበልኩ ጀመርኩ። በመጀመሪያ የቀረውን ቤንዚን አውጥቼ በሳሙና ውኃ ደጋግሜ አጠብኩት። የሩቢኔቱን ቀዳዳ በጎማ ደፍኜ፣ ጥርስ ያላቸው ትናንሽ ዳዶዎች ከውኃ ጋር ከትቼ ግማሽ ሰዓት ያህል ናጥኩት፤ ቅርፊቱ ረገፈ። ዳዶዎቹ 40 ነበሩ። ሳስገባም ሳወጣም ቆጠርኳቸው፤ በቀዶ ሕክምና ክፍል ፋሻ እንደሚቆጠረው። ቀጥሎ የሎሚ አሲድ በሙቅ ውኃ በጥብጬ ሞልቼ አሳደርኩት። ይህ አሲድ በየሱቁ የሻይ ጀበና ድንጋይ ማስለቀቂያ ተብሎ በዱቄት መልክ ይሸጣል፤ ዝገቱን እያሟሟ የጤነኛውን ብረት ጉዳት ትንሽ ያደርገዋል። ጠዋት ውኃው እንደ ኮሶ ጠቁሮ፣ ግድግዳው ግራጫ ሆኖ ወጣ። የቀረውን አሲድ ለመግደል በቢካርቦኔት ውኃ አለቀለቅሁት። ከዚህ በኋላ መቸኮል ያስፈልጋል፤ የታጠበ ብረት ከአየርና ከእርጥበት ጋር በደቂቃዎች ውስጥ እንደገና ይዝጋል። በሙቅ አየር አድርቄ ወዲያው ዘይት የበዛበት ቤንዚን ከትቼ በሁሉም ጎኑ አገላበጥኩት።

ውስጡን በኬሚካል ቀለም እንድለብጠው የመከሩኝ ነበሩ። ወንድሜ እንቢ አለ። ዝገት በደንብ ሳይለቅ የተቀባ ቀለም ከጊዜ በኋላ እየተላጠ ወንፊቱን ከዝገት በባሰ ይደፍነዋል፤ የሸፈንከውን ደግሞ አታየውም አለኝ። ይህንን ምክር ለታንከር ብቻ እንዳልሰጠኝ ገባኝ።

ቱቦዎቹንም ለወጥኳቸው። ጀርመን ውስጥ በ2011 እስከ 10 በመቶ ኤታኖል ያለበት ቤንዚን መሸጥ ከጀመረ ወዲህ አሮጌ ሞተሮች አዲስ ጠላት አግኝተዋል። ኤታኖል ከአየር ውኃ ይስባል፤ ለእሱ ያልተሠራ አሮጌ ጎማም ያሳብጣል ወይም ያደርቃል። ስለዚህ እስከ 5 በመቶ ብቻ ያለበትን እገዛለሁ። ከክረምት በፊት ታንከሩን እስከ አፉ እሞላለሁ፤ አየር የሌለበት ቦታ ጤዛ አያበቅልም። ሩቢኔቱን ዘግቼ የካርቡራተሮቹን ጎድጓዳ አፈስሳለሁ፤ ቤንዚን በዚያ ውስጥ ከቆየ እየተነነ ሙጫ ትቶ ቀዳዳዋን ይደፍናልና። የሩቢኔቱን ወንፊት በዓመት ሁለት ጊዜ አወጣዋለሁ፤ ንጹሕ ቢመስልም አወጣዋለሁ።

በስደት የምንኖር ሰዎች እጃችን የሚደርስበትን ማከም እንለምዳለን። ገንዘብ እንልካለን፣ ኪኒን እንልካለን፣ ጫማና የደም ግፊት መለኪያ በመንገደኛ ሻንጣ እንሰዳለን። በላክን ቁጥር ጥቂት ቀን ይሻላቸዋል፤ እኛም ሥራችንን የፈጸምን ይመስለናል። መጠየቅ ግን ሌላ ነገር ነው። የእውነት የጠየቀ ሰው መልሱን ይዞ መተኛት አይችልም፤ መልሱ አውሮፕላን ላይ ሊያሳፍረው ይችላል። እኔ ያን ጊዜ ያልጠየቅሁት ዕውቀት አጥሮኝ አልነበረም። ሥራ በዝቶብኝ ነበር ማለትም አልችልም፤ ለአንዲት አሮጌ ሞተር ሳይክል ቅዳሜዎቼን ሁሉ ሰጥቻለሁ። መልሱን ስለፈራሁ ይመስለኛል።

ወንድሜ በ2023 አምስተኛ ዓመቱን አለፈ። ጋራዡን ለልጁ አስረክቦ በር ላይ ተቀምጦ የሚገባውን መኪና በድምፁ ይመረምራል። እሑድ እሑድ እኔ ስለ ክብደቱ፣ ስለ ሆዱ፣ ስለ ምርመራው ቀን አንድ በአንድ እጠይቀዋለሁ፤ «ደህና ነኝ» ማለት አይበቃውም፤ ቁጥሩን ይነግረኛል። እሱም ታንከሩን መሙላቴን ይጠይቀኛል።

በቅርቡ ሞተሯን አስነስቼ ስልኩን አስጠጋሁለት። ጥቂት አዳመጠ።

«በግራ በኩል ድምፁ ቀጠን አለብኝ» አለ። «የሚደክመው አንዱ ጎን ነው ሁለቱም?»

እጄን በሲሊንደሮቹ ላይ አሳልፌ «ግራው ብቻ» አልኩት።

«እንግዲያው አሁን ካርቡራተሩን ፍታ» አለኝ። «ሽቦ ግን እንዳታስገባ።»